ፒሪዲን፣ ሻካራ ብር እና ሦስት ዓመት ሳይጠየቅ የቆየ ጥያቄ

የዛሬው ረዘም ይላል፤ ጊዜ ሲኖራችሁ ተቀምጣችሁ ብታነቡት ይሻላል።

ከእናንተው አንዱ፣ አሁን ሁለተኛ ዲግሪውን እየሠራ ያለ ልጅ፣ በውስጥ መስመር እንዲህ ብሎ ጠየቀኝ፦ «ቲቸር፣ ሰርስ የሚባለውን ዘዴ ማን ነው ያገኘው? አንዱ መጽሐፍ 1974 ይላል፣ ሌላው 1977 ይላል። የቱን ልጻፍ?» መልሱን ለሱ ብቻ ልልክለት ጀምሬ ነበር። እየረዘመ ሲሄድ ግን ለሁላችሁም ይሁን አልኩ። ምክንያቱም ጥያቄው የዓመተ ምሕረት ጥያቄ ብቻ አይደለም። «አገኘ» የምንለው መጀመሪያ ያየውን ነው ወይስ ያየው ነገር እንግዳ መሆኑን መጀመሪያ የተረዳውን? እዚህ ላይ ሰዎች እስከ ዛሬ አልተስማሙም።

ሰርስ የእንግሊዝኛ ምኅጻረ ቃል ነው። በእኛ ቋንቋ «በብረታ ብረት ገጽ ላይ የጎላ የራማን ስፔክትሮስኮፒ» ብንለው ያስኬዳል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እንግዲህ ከራማን እንጀምር። በ1921 ቻንድራሴካራ ቬንካታ ራማን የተባለው ሕንዳዊ የፊዚክስ ሊቅ ከእንግሊዝ ወደ አገሩ ናርኩንዳ በተባለች መርከብ ይመለስ ነበር። የሜዲትራኒያን ባሕር ሰማያዊነት አስገረመው። በዘመኑ ትልቁ ስም ሎርድ ሬይሊ «ባሕሩ ሰማያዊ የሚመስለው የሰማይን ቀለም ስለሚያንጸባርቅ ነው» ብሎ ነበር። ራማን አንዲት ትንሽ ፕሪዝም ይዞ ነበርና ከመርከቡ ላይ ሆኖ ከውኃው ገጽ የሚንጸባረቀውን ብርሃን በእሷ ከልሎ ተመለከተ። ሰማያዊው አልጠፋም። ስለዚህ ብርሃኑን የሚበትነው ውኃው ራሱ ነው ማለት ነው። አገሩ ገብቶ ብርሃን በፈሳሾች ውስጥ እንዴት እንደሚበተን ሲያጠና ቆየና፣ ከተማሪው ከክሪሽናን ጋር እ.ኤ.አ. የካቲት 28 ቀን 1928 ካልካታ ላይ አዲሱን ክስተት አየ። ሕንድ እስከ ዛሬ ያን ቀን የሳይንስ ቀን አድርጋ ታከብረዋለች። በዚያው ሰሞን ሞስኮ ላይ ላንድስበርግና ማንደልስታም ተመሳሳዩን ነገር በክሪስታል ውስጥ አይተው ነበር። የ1930ው የኖቤል ሽልማት ግን ለራማን ብቻ ተሰጠ። የ«ማን ቀደመ» ክርክር ለዚህ ዘርፍ አዲስ እንዳልሆነ ከወዲሁ ልብ በሉ።

ክስተቱ ይህ ነው። አንድ ቀለም ብቻ ያለው ብርሃን ሞለኪውል ላይ ሲያርፍ አብዛኛው በዚያው ቀለሙ ይበተናል። እጅግ ጥቂቱ ግን ከጉልበቱ ቁራጭ ለሞለኪውሉ ንዝረት ሰጥቶ፣ ቀለሙ ትንሽ ተለውጦ ይወጣል። የተለወጠውን መጠን ስትለኩ የሞለኪውሉን ንዝረት ታነባላችሁ። እያንዳንዱ ሞለኪውል የራሱ የፒኮች አሰላለፍ ስላለው እንደ ጣት አሻራ ነው። ችግሩ ያ «እጅግ ጥቂቱ» ነው፤ ከአሥር ሚሊዮን የብርሃን ቅንጣት አንድ ቢሆን ነው። በድሮ ጊዜ አንድ ስፔክትረም በፎቶ ሳህን ላይ ለማንሳት ብዙ ሰዓት ይፈጅ ነበር። በ1960ዎቹ ሌዘር መጣና ነገሩን አቀለለው። ቢሆንም የተለመደው ናሙና በዱቄት ወይም በፈሳሽ መልክ የተከማቸ፣ ቁጥር ስፍር የሌለው ሞለኪውል ያለበት ነው። በአንድ ገጽ ላይ በአንድ ሞለኪውል ውፍረት ብቻ የተለጠፈን ነገር በራማን አያለሁ ማለት የዋህነት ይመስል ነበር።

ይህንን የዋህነት የሞከሩት እንግሊዝ አገር፣ ሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ያሉ ሦስት ሰዎች ናቸው። ማርቲን ፍላይሽማን የኤሌክትሮኬሚስትሪው መሪ ነው። በ1927 ቼኮዝሎቫኪያ ውስጥ ካርሎቪ ቫሪ ተወልዶ በልጅነቱ ከናዚዎች ሸሽቶ እንግሊዝ የገባ ሰው ነው፤ በሐሳብ አፍላቂነቱም በድፍረቱም የታወቀ። ፓትሪክ ሄንድራ የራማን መሣሪያውን የሚያውቅ፤ ጄምስ መኪላን ደግሞ ከኒውዚላንድ የመጣ ወጣት ተመራማሪ።

ፍላጎታቸውን ለመረዳት የኤሌክትሮኬሚስቶችን ችግር ማወቅ ያስፈልጋል። ኤሌክትሮድ ውኃ ውስጥ ትነክራላችሁ፣ ቮልቴጅ ትሰጣላችሁ፣ ጅረቱን ትለካላችሁ። ገጹ ላይ የትኛው ሞለኪውል ተለጥፎ ምን እየሆነ እንደሆነ ግን ጅረቱ አይነግራችሁም። ግድግዳ ማዶ የሚደረግን ጨዋታ በድምፁ ብቻ ለመከታተል እንደመሞከር ነው። በኢንፍራሬድ እንይ ቢሉ ውኃ ኢንፍራሬድን ይውጠዋል። በራማን በኩል ግን የውኃ ምልክት ደካማ ነው፤ አይረብሽም። ስለዚህ በውኃ ውስጥ ያለን ገጽ ለማየት ከተቻለ በራማን ነው የሚቻለው። ሐሳቡ ይህ ነበር፣ ትክክልም ነበር።

በ1973 ፕላቲነም ላይ በስሱ በተለበጠ ሜርኩሪ ላይ የሚፈጠሩትን የሜርኩሪ ውህዶች በራማን አይተው አሳተሙ። ቀጥሎ ወደ ፒሪዲን ዞሩ። ፒሪዲንን ላብራቶሪ ውስጥ የሠራችሁበት ሽታውን አትረሱትም፤ ኮፍያ ያለው ሰው ኮፍያውን ጥሎ የሚሮጥበት ሽታ ነው። አምስት ካርቦንና አንድ ናይትሮጅን ያለው ቀለበት ነው፣ የራማን ምልክቱ ጠንካራ ነው፣ ብረታ ብረት ላይ መለጠፍም ይወዳል። ኤሌክትሮዱን ብር አደረጉት (ገንዘቡን ሳይሆን ማዕድኑን ማለቴ ነው)። ምልክቱ እንዲበረታ ደግሞ አንድ ነገር አደረጉ፦ በፖታሲየም ክሎራይድ ውኃ ውስጥ ቮልቴጁን ደጋግመው ወዲያና ወዲህ እያደረጉ ብሩን ወደ ሲልቨር ክሎራይድ፣ ሲልቨር ክሎራይዱን መልሰው ወደ ብር ለወጡት። የሚመለሰው ብር እንደ ድሮው ለስልሶ አይቀመጥም፤ ይሻክራል። ስሌታቸው ቀላል ነው፦ ገጹ ከሻከረ ስፋቱ ይጨምራል፤ ስፋቱ ከጨመረ ብዙ ፒሪዲን ይለጠፍበታል፤ ብዙ ከተለጠፈ ይታያል።

ታየ። ፒኮቹ ከመለኪያው ጩኸት በላይ ጉልህ ሆነው ወጡ፤ ቮልቴጁ ሲቀየርም አብረው ተቀየሩ። ይህ መሆኑ ደግሞ ምልክቱ ከገጹ እንጂ በዙሪያው ካለው ፈሳሽ እንዳልመጣ ያሳያል። በ1974 አጭር ጽሑፍ አድርገው አወጡት። በእኛ 1966 መሆኑ ነው፤ እዚህ ማን ሰው ስለ ፒሪዲን ሊሰማ!

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ሦስቱ ሰዎች የጠበቁትን አገኙ። ገጹን እናሰፋለን አሉ፣ አሰፉ፤ ምልክት እናያለን አሉ፣ አዩ። ስለዚህ «ለምን ታየ?» ብሎ የሚጠይቅ ጠፋ። መልሱ በእጃቸው ያለ መስሏቸው ነበርና። እኔ በዚህ አልወቅሳቸውም። ውጤት ሲበላሽ ሁላችንም ምክንያት ፍለጋ እንገባለን፤ ውጤት ሲያምር ግን የሚቆጥር ማን ነው?

የቆጠሩት ሌሎች ናቸው። አሜሪካ፣ ኢሊኖይ ውስጥ በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ሪቻርድ ቫን ዳይንና ተማሪው ዴቪድ ዣንሜር ሙከራውን ደገሙት። እንግሊዝ ውስጥም በካንተርበሪ፣ በኬንት ዩኒቨርሲቲ አላን ክሬይተንና ግራንት አልብሬክት ለየብቻቸው ደገሙት። ሁለቱ ቡድኖች በየፊናቸው ያደረጉት ነገር ለእናንተ ለአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች የምሰጠው ዓይነት ስሌት ነው። በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ለስላሳ ገጽ ላይ በአንድ ድርብ ቢደረደር ስንት ሞለኪውል ይገባል? መሻከሩ ገጹን ስንት እጥፍ ያሰፋዋል? አሥር እጥፍ እንበል፤ ቸር ከሆንን ከዚያም ትንሽ ከፍ እናድርገው። እሺ፣ በፈሳሽ ውስጥ ያለ ፒሪዲን በሚሰጠው ልክ ከሄድን ያን ያህል ሞለኪውል ስንት ምልክት ይሰጣል? የወጣው ቁጥር ከታየው ጋር ፈጽሞ አይገናኝም። የታየው ምልክት መሆን ከነበረበት ከመቶ ሺህ እስከ ሚሊዮን እጥፍ ይበልጣል። በዚያ ላይ ያን ያህል ድግግሞሽ ሳያስፈልግ፣ በመጠኑ የተነካ ገጽም ከፍተኛ ምልክት ሰጠ። የገጽ ስፋት ቢሆን ኖሮ ተቃራኒው ነበር መሆን ያለበት።

ሁለቱም ጽሑፎች የወጡት በ1977 ነው። «ብዙ ሞለኪውል ስላለ አይደለም፤ እያንዳንዱ ሞለኪውል በሚሊዮን እጥፍ ጎልቶ ነው» ያሉት እነሱ ናቸው። ለምን ይጎላል በሚለው ላይ ግን ተለያዩ። ቫን ዳይንና ዣንሜር በብሩ ገጽ አጠገብ ያለው የኤሌክትሪክ መስክ ነው አሉ። አልብሬክትና ክሬይተን ደግሞ ሞለኪውሉ ከብሩ ጋር ሲጣበቅ የራሱ የኤሌክትሮን ደረጃዎች መቀየራቸውን ጠረጠሩ። ይህ ክርክር ለብዙ ዓመት የጉባኤዎች ጨው ሆኖ ቆይቷል። ዛሬ ትልቁን ድርሻ መስኩ እንደሚይዝ፣ የኬሚካል ትስስሩ ደግሞ የራሱን ትንሽ እንደሚጨምር ብዙዎች ይስማማሉ።

መስኩ የተባለውን ነገር ያብራራው ማርቲን ሞስኮቪትስ ነው፣ ቶሮንቶ፣ በ1978። ሻካራው ብር ላይ ያሉት ትናንሽ ጉብታዎች አንድ የቆየ ነገር አስታወሱት፦ ኮሎይድን። እዚህ ላይ ወደ ኋላ አንድ መቶ ዓመት እንሂድ።

ማይክል ፋራዴይ በ1857 ለንደን ውስጥ ስለ ወርቅና ብርሃን አንድ ታላቅ ንግግር አድርጎ ነበር። የወርቅ ክሎራይድን በፎስፈረስ ሲመልሰው ፈሳሹ እንደ ወይን ጠጅ ቀላ። ወርቅ ደግሞ ቢጫ ነው! ፋራዴይ ወርቁ አልጠፋም፣ በዓይን በማይታይ ድቃቂ ተበትኖ ውኃው ውስጥ አለ አለ፤ ልክም ነበር። ጠርሙሶቹ ዛሬም ለንደን ውስጥ በሮያል ኢንስቲትዩሽን ተቀምጠዋል። ቀለሙ ለምን እንደሚመጣ በሒሳብ ያስቀመጠው ጉስታቭ ሚ ነው፣ በ1908።

አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። በብረታ ብረት ውስጥ ነፃ ኤሌክትሮኖች አሉ። ቅንጣቱ ከብርሃኑ የሞገድ ርዝመት በጣም ሲያንስ፣ ብርሃኑ በውስጡ ያሉትን ኤሌክትሮኖች በሙሉ በአንድ ላይ ወዲያና ወዲህ ይገፋቸዋል። ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው እንደሚወዛወዙ ሰዎች አስቡት። የብርሃኑ ምት ከራሳቸው ምት ጋር ሲገጥም ውዝዋዜው ይጎላል፤ ይህን ፕላዝሞን ይሉታል። ለብርና ለወርቅ ይህ ምት ዓይናችን በሚያየው ብርሃን ውስጥ ይወድቃል፤ ስለዚህ ነው ኮሎይዳቸው ቀለም ያለው። ያን ጊዜ ከቅንጣቱ ገጽ አጠገብ ያለው የኤሌክትሪክ መስክ ከመጣው ብርሃን መስክ ብዙ እጥፍ ይሆናል። እዚያ የተለጠፈ ሞለኪውል ሁለት ጊዜ ይጠቀማል፦ የሚደርሰው ብርሃን ይበረታል፣ እሱ የሚመልሰው ብርሃንም በዚያው ቅንጣት በኩል በርትቶ ይወጣል። ሁለቱ ሲባዙ ምልክቱ በመስኩ አራተኛ ኃይል ያድጋል። መስኩ አሥር እጥፍ ቢጎላ ምልክቱ አሥር ሺህ እጥፍ! ይህችን አራተኛ ኃይል የያዘ ሰው የቀረውን ታሪክ ሁሉ ይረዳዋል። ሁለት ቅንጣቶች በጣም ተጠጋግተው ሲቆሙ በመካከላቸው ባለችው ጠባብ ክፍተት መስኩ ከሁሉም በላይ ይበረታል፤ ከገጹ ጥቂት ናኖ ሜትር ስትርቁ ግን ጉልበቱ ይከዳችኋል። የሰው ፀጉር ውፍረቱ አሥር ሺዎች ናኖ ሜትር እንደሆነ አስታውሱ።

ሞስኮቪትስ ትክክል ከሆነ ታዲያ ኤሌክትሮድም ቮልቴጅም አያስፈልግም፤ ኮሎይድ ብቻውን ይበቃል። በ1979 ክሬይተን፣ ብላችፎርድና አልብሬክት የሠሩት ይህንኑ ነው። በብርና በወርቅ ኮሎይድ ላይ ፒሪዲን ጨመሩ፤ ምልክቱ ጎልቶ ወጣ፣ ያውም የሌዘሩ ቀለም ኮሎይዱ ከሚውጠው ቀለም ጋር ሲገጥም አብልጦ። ለእኔ ከሁሉም የሚያምረው ሙከራ ይህ ነው። ከኤሌክትሮኬሚስቶች ቤት የወጣው ምሥጢር በጠርሙስ ውስጥ ገባ።

በ1982 ደግሞ ሊና ማይዘል ቀላል የብር ኮሎይድ አሠራር አሳተሙ፤ እስከ ዛሬ የሚሠራበት ነው። 90 ሚሊ ግራም ሲልቨር ናይትሬት በ500 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ውኃ ውስጥ ታሟሟላችሁ፣ ታፈላላችሁ፣ 1 በመቶ የሆነ ሶዲየም ሲትሬት 10 ሚሊ ሊትር ትጨምራላችሁ፣ አንድ ሰዓት ያህል እያፈላችሁ ትቆያላችሁ። ቢጫ አረንጓዴ መሳይ ደፍራሳ ፈሳሽ ይወጣል። ሲትሬቱ ሁለት ሥራ ይሠራል፦ ብሩን ከአዮን ወደ ብረትነት ይመልሳል፣ የተፈጠሩትንም ቅንጣቶች ሸፍኖ እርስ በርስ እንዳይጣበቁ ያራርቃቸዋል። ጨው ስትጨምሩበት መራራቃቸው ይፈርሳል፤ መጠጋጋት ይጀምራሉ፤ ምልክቱም በአንዴ ያድጋል። ክፍተቷን አስታወሳችሁ? ጨው ካበዛችሁ ግን ሁሉም ተቋጥሮ ታች ይዘቅጣል፣ ሥራችሁም አብሮ። እዚህ ዘርፍ ውስጥ የአንዱ ላብራቶሪ ውጤት በሌላው አልደገም ሲል አብዛኛው ጣጣ ከዚህች ክፍተት ነው የሚመጣው።

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ። 1974 ወይስ 1977? የእኔ አስተያየት ይኸውላችሁ፦ ስፔክትረሙን መጀመሪያ ያየው ሳውዝሃምፕተን ነው፤ ክስተቱን ያገኙት ኖርዝዌስተርንና ኬንት ናቸው። የ1974ቱ ጽሑፍ ውስጥ ምልክቱ ከመጠን በላይ ጎልቷል የሚል አሳብ የለም። ግን የ1974ቱ ሰዎች ባይደፍሩ የ1977ቶቹ የሚቆጥሩት አይኖራቸውም ነበር። ስለዚህ ስትጽፉ ሦስቱንም ጥቀሱ፣ ማን ምን እንዳደረገም ለይታችሁ ጻፉ። «በ1974 ተገኘ» ብሎ ማለፍ ለቆጠሩት ሰዎች ግፍ ነው፤ 1974ን ዘሎ ማለፍም ለደፈሩት። መኪላን ራሱ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ2009፣ የዚያን ጊዜውን ሥራ እንዴት እንደነበር ጽፏል፤ የሚነበብ ነው።

ስለ ፍላይሽማን አንድ ነገር ሳልል ባልፍ ደስ አይለኝም። እ.ኤ.አ. መጋቢት 23 ቀን 1989 ዩታ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከስታንሊ ፖንስ ጋር ለጋዜጠኞች መግለጫ የሰጠው፣ በፓላዲየም ኤሌክትሮድና በከባድ ውኃ የኒውክሌር ውህደት በጠርሙስ ውስጥ አገኘን ያለው፣ ያው ፍላይሽማን ነው። የዓለም ላብራቶሪዎች ተሯሩጠው ሞከሩት፤ ብዙዎቹ ምንም አላገኙም፣ ስሙም በዚያ ተነካ። በ2012 ሲሞት ብዙ ሰው የሚያስታውሰው በዚያው ነበር። በ1974 በእጁ ከሚያምነው በላይ የሆነ ነገር ነበረው፤ በ1989 በእጁ ካለው በላይ አመነ። አንድ ሰው ነው፣ ያው ድፍረትም ነው። አንዱን ብቻ እየመዘዙ «ጀግና» ወይም «አታላይ» የሚሉትን አልወድም።

ከዚያ በኋላ ያለው በፍጥነት ይሄዳል። በ1997 ሹሚንግ ናይና ስቲቨን ኤሞሪ ኢንዲያና ላይ፣ ካትሪን ክናይፕና ባልደረቦቿ ደግሞ ለየብቻ፣ በብር ቅንጣት ላይ የአንድ ነጠላ ሞለኪውልን ራማን እንዳዩ አስታወቁ። 10 በ14ኛ ኃይል የሚደርስ ጉልበት ተነገረ። በኋላ በጥንቃቄ ሲለካ ቁጥሩ ወረደ፤ የቀለም ሞለኪውሎች ራሳቸው የሌዘሩን ብርሃን ስለሚውጡ ምልክታቸው በተፈጥሮ የጎላ ነውና የጉላቱ ከፊሉ የእነሱ እንጂ የብሩ አልነበረም። ነጠላ ሞለኪውል መታየቱ ግን ጸና።

የእኔን ልብ የሚነካው አጠቃቀሙ ሌላ ነው፦ የጥንት ቀለም። ከተክልና ከነፍሳት የሚወጡ ቀይ ቀለሞች በተራ ራማን ሲታዩ ይፈካሉ፤ ፍሎረሰንሱ ምልክቱን ያጥለቀልቀዋል። ብር ላይ ሲለጠፉ ግን ብሩ ያንን ፍካት ያጠፋዋል፣ የራማኑን ደግሞ ያጎላዋል። ለናሙና የሚበቃው በዓይን እንኳ በደንብ የማትታይ ቅንጣት ናት። በ2009 የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ሳይንቲስት ማርኮ ሊዮና በዚህ ዘዴ፣ ከ4000 ዓመት ገደማ በፊት በግብፅ ከተሠራ የቆዳ ቁራጭ ላይ ከተክል ሥር የሚወጣውን የማደር ቀይ ቀለም ለይቷል።

ቫን ዳይንም በስተመጨረሻ ወደ ሥዕል መጣ። ቺካጎ የሚገኘው የሥነ ጥበብ ተቋም ሬኗር በ1883 የሣላት የማዳም ሊዮን ክላፒሶን ሥዕል አለው። ከጀርባዋ ያለው ቀለም ቀዝቀዝ ያለ፣ ግራጫ ሰማያዊ ነው። ባለሙያዎች ሥዕሉን ከፍሬሙ ሲያወጡት ግን ፍሬሙ ከብርሃን ከልሎ ባቆየው ጠርዝ ላይ ደማቅ ቀይ አገኙ። ቫን ዳይን ከተቋሙ ሳይንቲስት ከፍራንቼስካ ካሳዲዮ ጋር ሆኖ ከዚያ ጠርዝ የተወሰደችን ቅንጣት በብር ላይ አስቀምጦ አነበባት፦ ካርሚን፣ ከኮቺኒል ነፍሳት የሚወጣው ቀይ፣ ብርሃን ሲያገኘው የሚደበዝዝ። በ2014 ሥዕሉ ለሕዝብ ሲታይ የተመራመሩበትን ቀለም በኮምፒውተር መልሰው የሠሩት ምስል አብሮ ቀረበ። በእሱ ላይ ሴትዮዋ የተቀመጠችው እንደ እሳት በሚነድ ቀይ ፊት ነው።

ሥዕሉ ላይ ግን አንዳች አልቀቡም። እንደደበዘዘ ተወው፤ ቀዩ አሁንም ያለው በጠርዙ ላይ ብቻ ነው።

ጥያቄ ያላችሁ ከታች ጻፉልኝ። የሲትሬቱን አሠራር ልትሞክሩ የምታስቡ መምህራን፦ ሲልቨር ናይትሬት እጅ ያጠቁራል፣ ጓንት አትርሱ፤ ውኃውም የቧንቧ አይሁን፣ ክሎራይድ ካለበት ኮሎይድ ሳይሆን ነጭ ዝቃጭ ነው የምታገኙት።